የእኔ ጠበቃ፣ የእሷ አንደበት

የአክስቴ ልጅ ቶሮንቶ ከመምጣቷ በፊት እኔ ቀናተኛ ሰው አልነበርኩም። ጥሩ ልጅ ስለሆንኩ አይደለም፤ የምቀናበት ሰው ስላልነበረ ነው። ለእናትና ለአባቴ አንድ ነበርኩ። ክፍሉ የኔ፣ መስኮቱ የኔ፣ ሳህን ላይ የቀረችው የመጨረሻዋ ሳምቡሳ የኔ። ከዚያ አባቴ ስፖንሰር ያደረጋት የእህቱ ልጅ በአንድ ሻንጣና በጣም በሚያምር አማርኛ መጣች። ዕድሜያችን እኩል ነው። እናትና አባቷ ሞተዋል። እንግዲህ ፍረዱኝ፤ ወላጅ በሌላት ልጅ ይቀናል? እኔ ቀናሁ። ያውም በደንብ አድርጌ።

የተጀመረው በትንሽ ነገር ነው። «አጎቴ፣ ይጨምሩ እንጂ፤ ምንም አልበሉም እኮ!» ትለዋለች እራት ላይ። አባቴ ከሥራ ሲመጣ ፊቱ የተዘጋ ሱቅ ነው የሚመስለው፤ አንድ የኢንሹራንስ ቢሮ ውስጥ መኪናቸው የተጋጨባቸው ሰዎች ቀኑን ሙሉ በስልክ ሲጮሁበት ይውላል። እሷ «ይጨምሩ» ስትለው ግን ሱቁ ይከፈታል። እኔ ያንኑ ነገር ከልጅነቴ ጀምሮ በእንግሊዝኛ ስለው ኖሬአለሁ፤ አንድ ቀን እንኳ እንደዚያ አልሳቀልኝም። አማርኛ እሰማለሁ፤ ሐሜት ሳይቀር እሰማለሁ። መልሴ ነው በእንግሊዝኛ የሚወጣው። አባቴም ቀስ በቀስ ለኔ የሚናገረው እያጠረ ሄደ። በላሽ? መጣሽ? በሩን ቆልፊ። በቃ፣ ይኸው ነው።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰፈራችን ከዌስተን ተነስተን በምድር ባቡር ዳንፎርዝ የሚባል ሰፈር እንሄዳለን፤ እዚያ አንድ አዳራሽ ውስጥ የአማርኛ ትምህርት አለ። ዓመቱ ሲያልቅ ከየቤቱ አንድ ልጅ ይመረጥና በወላጆችና በሽማግሌዎች ፊት ቆሞ የአንድ ሰው ሕይወት በአማርኛ ይተርካል። ከየቤቱ አንድ ብቻ፤ ሁሉም ይናገር ከተባለማ እዚያው ማደራችን ነው። ከኛ ቤት ማን እንደሚቆም ጥያቄ ሆኖ አያውቅም ነበር። በየዓመቱ እኔ የሆነ ሯጭ ሕይወት ከወረቀት ላይ አንብቤ፣ ሰው አጨብጭቦልኝ፣ እቀመጣለሁ። ያን ዓመት ግን ቤት ውስጥ ሁለት ነበርን።

እኔ መቆም ፈለግሁ። ለጭብጨባው አይደለም። አባቴ ፊተኛው ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ለሷ እንደሚስቀው ለኔ ሲስቅ ማየት ነበር የፈለግሁት። ሌላ ምንም አላማረኝም።

ስለዚህ ተንኮል አሰብኩ። አባቴ አዲስ አበባ ሕግ ይማር ነበር፤ ሳይጨርስ ነው የወጣው። እኔ ደግሞ በዚያው ሰሞን ትምህርት ቤት የአሜሪካ ታሪክ እየወሰድኩ ነበር። አስተማሪያችን የድሮ ሰዎችን ስም ቆራርጦ ኮፍያ ውስጥ ጨመረና አንድ አንድ አንሡ አለን። ለሌሎቹ ጄኔራልና ፕሬዚዳንት ሲወጣላቸው ለኔ ማንም የማያውቀው ሰው ወጣልኝ፤ አገሪቱ ገና አዲስ በነበረች ጊዜ የኖረ ጠበቃና የምክር ቤት አባል። ስሙን እዚህ አልጽፈውም፤ ብጽፈውም አታውቁትም። ሥዕል እንኳ የለውም። ክላሱ ሳቀብኝ። እኔ ግን ቤት የገባሁት እየዘለልኩ ነው። ጠበቃ! ሕግ! ከዚህ በላይ ለአባቴ ምን አመጣለት?

የገበሬ ልጅ ነበር። ያን ጊዜ ጠበቃ ለመሆን የግድ ዩኒቨርሲቲ መግባት አያስፈልግም፤ አንድ ትልቅ ጠበቃ ቢሮ ገብቶ ምድጃ እያነደደ፣ ውል እየገለበጠ፣ መጽሐፍ እየተዋሰ ነው የተማረው። ፈቃዱን ሲያገኝ ዳማ ፈረስ ገዛ። ምክንያቱም ፍርድ ቤቱ አንድ ቦታ አይቀመጥም። ዳኛው ከአውራጃ አውራጃ ይዞራል፤ ጠበቆቹ በፈረስ ይከተሉታል። ዝናብ ነው፣ ጭቃ ነው፣ ወንዝ ነው። የሚያድሩበት ቤት አልጋ ስለማይበቃ ቀን ችሎት ላይ ሲዘላለፉ የዋሉ ጠበቆች ሲመሽ አንድ አልጋ ላይ ይተኛሉ። ይሄን ሳነብ ከኔ አልጋ ጎን የገባውን የአክስቴን ልጅ አልጋ አየሁትና ብቻዬን ሳቅሁ።

ሰዉ እየወደደው ሲመጣ የግዛቱ ምክር ቤት እንዲገባ መረጠው። እዚያም ንግግር አያበዛም። ኮሚቴ ውስጥ ተቀምጦ ሌሎች የጻፉትን ረቂቅ ሕግ ማቃናት ነበር ሥራው፤ ጠማማውን ዓረፍተ ነገር ቀጥ ማድረግ። አንድ ጊዜ በምርጫ ተሸነፈ፤ ሳያኮርፍ ወደ ፈረሱ ተመለሰ። ደግሞ ተመረጠ። በመጨረሻ አርጅቶ እርሻው ላይ ሞተ። ጦርነት የለም፣ ሐውልት የለም፣ ምንም የለም። ወደድኩት። ማንም ስለማያውቀው የኔ ብቻ መሰለኝ።

አንድ ቀን እራት ላይ ይሄን ሁሉ ለአባቴ ነገርኩት፤ በእንግሊዝኛ፣ በአንድ ትንፋሽ።

«ጥሩ ነው» አለና ማካሮኒውን ቀጠለ።

ቅስሜ ስብር አለ።

«ምን አለች፣ አጎቴ?» አለች የአክስቴ ልጅ። ፈጥኜባት አልተከታተለችኝም። አባቴ በአማርኛ ይነግራት ጀመር። ሲነግራት የኔው ታሪክ ሌላ ሆነ። እኔ አፍ ውስጥ ቆሞ የነበረው ፈረስ እሱ አፍ ውስጥ ሲገባ ጋለበ።

«ታዲያ እኛ አገርስ፣ ድሮ እንዴት ነበር የሚሟገቱት?»

አባቴ ሹካውን አስቀመጠ። ሹካውን ሲያስቀምጥ አይቼው አላውቅም። ከሳሽና ተከሳሽ ዛፍ ሥር ፊት ለፊት ይቆማሉ አላት፤ ነጠላቸውን አጣፍተው። አንዱ «ተጠየቅ!» ይላል። ሌላው «ልጠየቅ!» ብሎ ይመልሳል። እረታለሁ ያለ ማር ይወራረዳል፣ የባሰበት ፈረስ ይወራረዳል። ዙሪያውን የቆመው ሰው ሁሉ የመሰለውን ይናገራል። እና ደግሞ ሰው መንገድ ላይ ተጣልቶ አንዱ «በሕግ አምላክ!» ካለ፣ ያኛው የቱንም ያህል ጉልበተኛ ቢሆን ባለበት ይቆማል፤ አይነቃነቅም። የመጀመሪያውን አላፊ አግዳሚ ይይዙና ዳኛ ያደርጉታል። የመንገድ ዳኛ ይባላል።

«ልጅም ቢለው ይቆማል?» አለችው።

«ሕፃንም ቢለው! ሕግ ነዋ!»

እጁ ይወራጫል፣ ድምፁ ኮሪደር ድረስ ይሰማል፣ ይስቃል። እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ ሳህን አጥባለሁ። በሩን ያንኳኳው የኔ ጠበቃ ነው፤ የገባችው እሷ።

በዚህ ቢያበቃ ምናለበት። እሷ ግን ትንሽ አሰበችና፦

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት አጎቴ? ይሄ ሰውዬ በፈረስ ሲዞር ይከርማል፣ ከዚያ ምክር ቤት ይቀመጣል። እርሻውን ማን ነበር የሚያርስለት?»

አባቴ ወደኔ ዞረ። «እ? ማን ነበር?»

አላውቅም። ያነበብኩት ላይ «ሰፊ እርሻ ነበረው» ይላል፤ በዚያው ያልፋል። እኔም በዚያው አለፍኩ። ጥያቄውን ስሰማ ግን መልሱ ምን ሊሆን እንደሚችል ገባኝ፤ ፊቴ ጋለ። እዚህ አገር ጥቁር ሆኜ ያደግሁት እኔ ነኝ፤ ስለ ባርነት በየዓመቱ የተማርኩት እኔ ነኝ፤ የጠየቀችው ግን ከመጣች ገና ዓመት ያልሞላት ልጅ።

«ጥያቄ ማለት ይሄ ነው!» አባቴ ጠረጴዛውን መታ። «ይቺ ናት የጠበቃ ጥያቄ!»

በፀጉሯ ቀንቻለሁ። በሳቋ ቀንቻለሁ። እናቴ በቀጭኑ የምትከትፈውን ሽንኩርት ከሷ በላይ አቅጥና ስትከትፍ እንኳ ቀንቻለሁ። በጥያቄ እቀናለሁ ብዬ ግን በሕልሜም አላሰብኩም። ያን ሰሞን ሰፈራችን ውስጥ የኤርፖርቱን ባቡር መንገድ ይቆፍሩ ነበር፤ ብረቱን መሬት ውስጥ ሲቀብሩት ሕንፃው ሁሉ ዷ፣ ዷ፣ ዷ ይላል። ለሰው ዷ ነው። ለኔ «ማን፣ ያርስ፣ ነበር» ነው።

ቀኑ ሲቃረብ አባቴ ሁለታችንን ሶፋው ላይ አስቀምጦ ውሳኔውን ነገረን። ትልቅ ዘዴ ያገኘ መስሎት ፊቱ በርቷል።

«ሰውዬው ያንቺ ነው» አለኝ። «አንቺ አጥኚ፣ አንቺ ጻፊ። አንደበቱ ደግሞ የሷ ነው፤ እሷ ትቁምና ትናገር። ጠበቃ ማለት የሰው ጉዳይ ይዞ የሚቆም አይደል? በቃ፣ ጠበቃሽ ትሁን!»

«ኦኬ» አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ? ቅር አለኝ ብል፣ ወላጅ የሌላት ልጅ ናት፣ አታፍሪም? ነው የምባለው።

ከዚያ ልምምድ ተጀመረ። ሳሎን፣ ቴሌቪዥኑ ፊት። እኔ የጻፍኩትን ይዛ ትቆምና ጨው ትነሰንስበታለች። እኔ «በፈረስ ሄደ» ብዬ የጻፍኩት እሷ ጋ ሲደርስ «ዳማውን ኮርኩሮ፣ ጭቃውን ሰንጥቆ» ይሆናል። ምን ልበላችሁ፣ ያምራል! ማማሩ ነው የገደለኝ። አባቴ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ይሰማታል።

«እሰይ!» አላት በመጨረሻ። «እሰይ የኔ ልጅ!»

የኔ ልጅ።

ተነሳሁ። አፌን ስከፍት ምን እንደሚወጣ አላወቅሁም።

«በሕግ አምላክ!»

የአክስቴ ልጅ እጇን እንዳነሳች ቀጥ አለች። አባቴም ቀጥ አለ። አማርኛ ነው የተናገርኩት፤ ጮክ ብዬ ነው የተናገርኩት፤ ሦስታችንም ያመንን አልመሰለኝም። ልክ ያን ጊዜ የበሩ ቁልፍ ዞረና እናቴ ከሥራ ገባች። አዛውንቶችን በየቤታቸው እየዞረች ነው የምትንከባከበው፤ ስትመለስ እግሯ አብጦ ነው። አንዱን ጫማ አውልቃ ሁለተኛውን ሳታወልቅ አየችን።

«ምንድን ነው? ማን ሞተ?»

አባቴ ሊስቅ ነበር፤ ፊቴን ሲያይ ተወው። ሕፃንም ቢለው ይቆማል ያለው ራሱ ነው። «ማንም አልሞተም፤ ችሎት ነው» አላት። «እኔ ልዳኝ አልችልም፤ ተከሳሹም እኔ ሳልሆን አልቀርም። የመንገድ ዳኛ ያስፈልገናል። ከመንገድ የመጣሽው አንቺ ነሽ።»

«እኔን እግሬን ነው የሚያመኝ።»

«ዳኛ ይቀመጣል። ተቀመጪ።»

እናቴ አንድ እግሯን በጫማ፣ አንዱን በካልሲ አድርጋ ተቀመጠች። «እሺ፣ ከሳሽ» አለችኝ፤ «በአማርኛ የጀመርሽውን በአማርኛ ጨርሺ።»

«እኔ... ሰውዬውን እኔ አገኘሁት» አልኩ። «እኔ አነበብኩት። እሷ ቆንጆ ትናገራለች። እኔ ቆንጆ አልናገርም። ግን የኔ ነው። አባዬ ለሷ ሁሉን ነገር ያወራል። ስለ ፈረስ ያወራል፣ ስለ ማር ያወራል። ለኔ በሩን ቆልፊ ይላል።»

ማንም አልሳቀም። እናቴ ቀስ ብላ ወደ አባቴ ዞረች። እሱ ምንጣፉን ያይ ነበር።

«ተከሳሽ የሆንሽው ደግሞ» አለች እናቴ።

የአክስቴ ልጅ ወንበር ላይ የነበረውን የእናቴን ሻርፕ አነሳችና አጣፋችው። «ልጠየቅ!» አለች። የተከሰሰች ሳይሆን ሰርግ ቤት የገባች ነው የምትመስለው። እኔ የፈራሁት አንድ ነገር ነው። እናትና አባቴ ሞተዋል፣ አንቺ ሁለቱም አሉሽ፣ አንዱን ብታካፍይኝ ምን ይጎድልብሻል ትለኛለች ብዬ። እንዲህ ካለች አበቃልኝ፤ የሚመለስ ነገር የለውም።

«እትዬ፣ እኔ ልናገር አላልኩም» አለች። «ተናገሪ ተባልኩ። አጎቴን እምቢ ማለት ስለማልችል ነው። እውነቱን ልንገርዎት? ሰውዬውን አልወደውም። እርሻውን ያረሱለትን ሰዎች ሳላውቅ ስለ ፈረሱ ማውራት ይከብደኛል። እኔስ ብጠይቀው ነበር ደስ የሚለኝ።»

ይኸው ነው። ስለ ወላጆቿ ቃል አልወጣትም። ባላለችውም ደግሞ ቀናሁ።

እናቴ ጉልበቷን እያሻሸች አሰበች። «እንግዲህ ፍርድ» አለች። «ያነበበችው ትተርካለች። ይቺ መጠየቅ ነው የምፈልገው ብላለች፤ ትጠይቅ። ፊት ለፊት ቁሙ።»

«ከየቤቱ አንድ ልጅ ነው እኮ የሚባለው» አለ አባቴ።

«ተራኪዋ አንድ ናት። ጠያቂ አይከለከልም። ዛፉ ሥር የቆመ ሁሉ ይናገራል ስትል አልነበር?» ብላ ጣቷን ቀሰረችበት። «አንተ ደግሞ እስከዚያ ድረስ ማታ ማታ ልጅህን አማርኛ አለማምድ። በሩን እኔ እቆልፈዋለሁ። አሁን ይሄን ጫማ የሚያወልቅልኝ!»

ሁለታችንም ሮጥን። እኔ ቀደምኩ።

አባቴ በፍርዱ መሠረት ያለማምደኝ ጀመር። መጀመሪያ ሁለታችንም አፈርን፤ እንደማንተዋወቅ ሰዎች ነበርን። «ኮርኩሮ» በል ስለው ይላል፣ እደግማለሁ፣ ይስቃል፤ ግን በኔ እየሳቀ ነው እንጂ ለኔ አልነበረም፤ ልዩነቱን አውቀዋለሁ። ቀን ቀን ደግሞ ስለ እርሻው ፈለግሁ። የታሪክ አስተማሪያችን ያን ጊዜ በዚያ ግዛት እንዲህ ያለ እርሻ የሚያርሱት አብዛኛውን ጊዜ በባርነት የተያዙ ሰዎች ነበሩ አለኝ። ስማቸውን ጠየቅሁት። ትከሻውን ነቀነቀ። ቤተ መጻሕፍትም ሄድኩ። ምንም የለም።

ቀኑ ደረሰና አዳራሹ ሞላ። ከኛ በፊት ሯጮች አለፉ፣ ነገሥታት አለፉ። ሽማግሌዎቹ ሁሉንም ስለሚያውቋቸው አንዳንዶቹ እንቅልፍ ይዟቸው ነበር። አባቴ ፊተኛው ወንበር ላይ ነው። ተራችን ሲደርስ ሁለታችንም ስንነሳ ሹክሹክታ ተነሳ። እኔ ጀመርኩ። ምድጃውን አነደድኩ፣ ውሉን ገለበጥኩ፣ ፈረሱን ኮረኮርኩ። አንዳንዱን ቃል አጣምሜው ልጆቹ ሳቁ፤ አላቆምኩም። ምክር ቤት አስገብቼው፣ ጠማማውን ሕግ እያቃና ሳለ፣ የአክስቴ ልጅ ነጠላዋን አጣፍታ አንድ እርምጃ ወደፊት መጣች።

«ተጠየቂ!»

ተኝተው የነበሩ አንድ ሽማግሌ ከወንበራቸው ሊወድቁ ምንም አልቀራቸውም።

«ልጠየቅ!» አልኩ።

«ጠበቃሽ በፈረስ ሲዞር፣ ምክር ቤት ሲቀመጥ፣ እርሻውን ማን አረሰለት?»

«በባርነት የተያዙ ሰዎች ናቸው ብዬ አስባለሁ» አልኩ። «ስማቸውን ፈለግሁ፤ አጣሁት። የፈረሱን ቀለም የጻፉ ሰዎች የነሱን ስም አልጻፉም። ሰውዬውን ወድጄው ነበር። በዚህ ግን አልሟገትለትም።»

አዳራሹ ፈነዳ። «የዘመኑ ሕግ ነው፣ እሱ ምን ያድርግ?» አሉ አንዱ ከኋላ ተነስተው። «ሕግ አውጪው እኮ እሱ ነው ወንድሜ! ተቀምጦ ዝም ካለ እሱው አወጣው!» አሉ ቅድም ተኝተው የነበሩት። «እባካችሁ ልጆቹን አስጨርሷቸው!» ትላለች አንዲት ሴት። ማን ሊሰማት! እኔ መሃል ላይ ቆሜ ሁሉንም በደስታ እሰማለሁ። አባቴን ፈለግሁት። እሱም ተነስቶ ከጎኑ ካለው ሰው ጋር እየተከራከረ ነው፤ ወደኔ አላየም።

ስንወጣ አንዲት ትልቅ ሴት አባቴን በር ላይ ያዙት። «ያቺ ጠያቂዋ የማን ናት? አንደበቷ! ማር እኮ ነው!» የአክስቴ ልጅ አንገቷን ደፋች። እኔ አጠገቧ ቆሜአለሁ፤ አላዩኝም። አባቴ «ሁለቱም የኔ ናቸው» አላቸው። እንደ ሳምቡሳ እኩል ተቆረስኩ።

ወደ ቤት በምድር ባቡር ተሳፈርን። እናቴ ተቀምጣ አንቀላፋች። እኛ ሁለታችን ጎን ለጎን፤ አባቴ ከፊታችን ብረቱን ይዞ ቆሟል። ትንሽ ከሄድን በኋላ ወደኔ ጎንበስ አለ።

«መልስሽ ላይ ክርክር አለኝ።»

«የትኛው ላይ?»

«አልሟገትለትም ያልሽው ላይ። ጠበቃ ደንበኛውን መንገድ ላይ ጥሎ አይሄድም።»

«ጥፋተኛ ቢሆንስ?»

«ጥፋተኛ ቢሆንም!»

«እኔ ጠበቃው አይደለሁማ» አልኩት። «እኔ የሱን ታሪክ የምናገር ነኝ። ታሪክ የሚናገር ሰው ደንበኛ የለውም።»

«የለውም?» ብሎ ቀና አለ። ከዚያ ሳቀ። ባቡሩ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ እስኪዞር ድረስ፣ ብረቱን እንደያዘ፣ ለኔ ሳቀ። «የለውም ትላለች! እሺ፣ ተጠየቂ! ደንበኛ ከሌለው ለማን ብሎ ይናገራል?»

መለስኩለት። እሱም መለሰልኝ። ጣቢያው መጥቶ በሩ ይከፈታል፣ ይዘጋል፤ እኛ አናየውም። አማርኛዬ እየተደናቀፈ ይመጣል፤ ይምጣ፣ አባቴ ቆሞ ይጠብቀዋል። የአክስቴ ልጅ መሃላችን አንገቷን ታስገባለች፣ ወዲህ ታያለች፣ ወዲያ ታያለች።

«አጎቴ፣ እኔ እኮ...» አለች። አልሰማትም። «ኧረ እኔንም አስገቡኝ!»

ዞር ብዬ አየኋት። ከንፈሯን ነክሳለች፤ ጉንጯ ቀልቷል። ያ ምን ዓይነት ፊት እንደሆነ ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም።

«ተራሽን ጠብቂ» አልኳት፤ እስከምንወርድበት እስከ ኪል ጣቢያ ድረስም አላስገባኋትም።